የአሜሪካ የዜግነት ፈተና፤ ከማመልከቻው እስከ ቃለ መሐላው

በዲቪ ዕጣ፣ በቤተሰብ ጥሪ ወይም በጥገኝነት አሜሪካ የገባ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ዓመታት ከኖረ በኋላ አንድ ጥያቄ ይደቀንበታል። የአገሪቱን ዜግነት ልውሰድ ወይስ በቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ልቀጥል የሚል ነው። ዜግነቱን ለመውሰድ የወሰነ ሰው ማመልከቻ ያስገባል፣ አሻራ ይሰጣል፣ ቃለ መጠይቅ ይቀርባል፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋና የአገሪቱን ታሪክና መንግሥት የሚመለከት ፈተና ይወስዳል፣ በመጨረሻም ቃለ መሐላ ይፈጽማል።

ጉዳዩ በአገር ቤት የቀረውን ቤተሰብም በቀጥታ ይመለከታል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ እንጂ ለእናትና ለአባቱ ማመልከት አይችልም። ወላጆቹን ለመጥራት ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ዜጋ መሆን ይኖርበታል። ወንድምን፣ እኅትንና ትዳር የመሠረተ ልጅንም መጥራት የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። በእርግጥ ማመልከት መቻል ቪዛ ማግኘት ማለት አይደለም፤ የቪዛ አሰጣጡ በየጊዜው በሚወጡ መመሪያዎች ይወሰናል። ያም ሆኖ የመጀመሪያው በር የሚከፈተው በዜግነት ነው።

ስለ ፈተናው ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ታሪክና ስለ መንግሥት አወቃቀር ጥያቄዎች ነው። ጥያቄዎቹ ግን ከነመልሳቸው በይፋ የታተሙ በመሆናቸው በትዕግሥት የሚያጠና ሰው ይደርስባቸዋል። ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሹት ከጥያቄዎቹ በፊትና በኋላ ያሉት ጉዳዮች ናቸው። እነርሱም የሰነዶች መጣጣም፣ በቃለ መጠይቁ የሚሰጠው እያንዳንዱ መልስ፣ እንዲሁም ቃለ መሐላው በኢትዮጵያ ሕግ የሚያስከትለው ውጤት ናቸው።

ማን ማመልከት ይችላል?

አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው፣ በግሪን ካርድ ቢያንስ አምስት ዓመት የኖረ መሆን አለበት። ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር በትዳር አብሮ የሚኖር ሰው ደግሞ በሌሎቹ መስፈርቶች እስካሟላ ድረስ ሦስት ዓመት ይበቃዋል። የጊዜ ገደቡ ሊሞላ 90 ቀናት ሲቀሩት ማመልከቻ ማስገባት ይፈቀዳል።

ዓመታቱን መቁጠር ብቻውን በቂ አይደለም። ከአምስቱ ዓመታት ውስጥ በድምሩ ቢያንስ 30 ወራት በአካል አሜሪካ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል። በሦስት ዓመት ለሚያመለክት ደግሞ 18 ወራት ናቸው። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ጉዞ ከስድስት ወር ከበለጠ የመኖሪያ ጊዜው እንደተቋረጠ ይገመታል፤ አመልካቹም እንዳልተቋረጠ የማስረዳት ሸክም ይወድቅበታል። ጉዞው አንድ ዓመት ከደረሰ ደግሞ ቆጠራው በእርግጥ ይቋረጣል። ለሠርግ፣ ለተዝካር ወይም የታመመ ወላጅ ለማስታመም ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ቤተሰብም «ትንሽ ቆይ» እያለ የሚያራዝመው ጊዜ ዋጋ እንዳለው ይገንዘብ። ከአገር ሲወጡ የሚያዘው የመመለሻ ፈቃድ ግሪን ካርዱን ለመጠበቅ ይረዳል እንጂ ለዜግነት የሚቆጠረውን ጊዜ አያድንም።

ሌላው መስፈርት መልካም ሥነ ምግባር ነው። ግብር በወቅቱ መክፈል፣ የልጅ ቀለብ አለማቋረጥ፣ በወንጀል አለመከሰስ በዚህ ሥር ይታያሉ። ዜጋ ሳይሆኑ ለምርጫ መመዝገብ ወይም ድምፅ መስጠት ከባድ ጥፋት ነው። የመንጃ ፈቃድ ሲያወጡ በሚሞላ ቅጽ ላይ የምርጫ ምዝገባ ጥያቄ ሊኖር ስለሚችል፣ ያልተረዱትን ሳጥን ምልክት ከማድረግ መቆጠብ ይገባል። ከ18 እስከ 26 ዓመት ባለው ዕድሜ አሜሪካ የሚኖር ወንድ ደግሞ ለውትድርና ምልመላ መዝገብ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ይህን ሳያደርግ የቀረ ሰው ሲያመለክት ይጠየቅበታል።

እዚህ ላይ ጫት አምራች ለሆኑ አካባቢዎች የሚሆን ማሳሰቢያ አለ። ጫት በኢትዮጵያ በሕጋዊ መንገድ የሚመረትና የሚሸጥ ሰብል ነው። በቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ግን በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕጾች ጋር በመጀመሪያው ምድብ ተመዝግቧል። ስለዚህ ለዘመድ በፖስታ ወይም በመንገደኛ ሻንጣ ጫት መላክ፣ የደረቀም ቢሆን፣ ተቀባዩን በዕጽ ወንጀል ሊያስጠይቀው፣ ዜግነቱን ሊያስከለክለው፣ ከዚያም አልፎ የመኖሪያ ፈቃዱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ካናቢስም በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ቢፈቀድም በፌዴራሉ ሕግ የተከለከለ ነው። የዜግነት ማመልከቻ የሚታየው ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ ነው።

ሰነድ፣ ስምና ቀን

የማመልከቻው ቅጽ ኤን 400 ይባላል። ቅጹ በነጻ የሚገኝ ሲሆን የሚከፈለው ለማመልከቻው አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ተመን በኢንተርኔት ለሚያመለክት 710 ዶላር፣ በወረቀት ለሚያመለክት 760 ዶላር ነው። ገቢያቸው ከተወሰነ ወለል በታች ለሆኑ አመልካቾች በ380 ዶላር የሚስተናገዱበት ወይም ከክፍያ ነጻ የሚሆኑበት አሠራር አለ።

ቅጹ የአመልካቹን አድራሻዎች፣ ሥራዎች፣ ትዳሮች፣ ልጆችና የውጭ ጉዞዎች በየቀናቸው ይጠይቃል። እነዚህ መረጃዎች አመልካቹ አስቀድሞ ለቪዛና ለግሪን ካርድ ካስገባቸው ወረቀቶች ጋር ይመሳከራሉ። ለኢትዮጵያዊ አመልካች ሁለት ነገሮች በተለይ ችግር ይፈጥራሉ፤ የዘመን አቆጣጠርና ስም።

የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ በሰባት፣ ከዚያ በኋላ በስምንት ዓመት ይለያል። መስከረም 1 ቀንም ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ አይውልም፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1987 የተወለደ ነው። ጥር 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የተወለደ ደግሞ ጃንዋሪ 24 ቀን 1988 የተወለደ ይሆናል። በአንድ ዓመተ ምሕረት የተወለዱ ሁለት ሰዎች በአውሮፓውያኑ የተለያየ ዓመት ላይ ሲወድቁ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የልደት ወይም የጋብቻ ማስረጃ ከቀበሌ አውጥቶ የሚልክ ዘመድ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ማረጋገጥና አመልካቹ ቀድሞ ከተጠቀመበት ቀን ጋር ማስተያየት ይገባዋል።

የስም ጉዳይም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። በአሜሪካ አሠራር ግን የመጨረሻው ስም የቤተሰብ መጠሪያ ይሆናል። አበበ ከበደ አለሙ የተባለ አባት በመዝገብ «አለሙ» ተብሎ ሲያዝ፣ ልጁ ሣራ አበበ ከበደ «ከበደ» ተብላ ትያዛለች። ለማያውቀው ሰው አባትና ልጅ ዝምድና የሌላቸው ይመስላሉ። የፊደሉ አጻጻፍም ከሰነድ ሰነድ ሊለያይ ይችላል። መፍትሔው በማመልከቻው ላይ ቀድሞ ያገለገሉ ስሞችንና አጻጻፎችን በሙሉ ማስፈር፣ በቃለ መጠይቁም የአገሩን የስም አወጣጥ በአጭሩ ለማስረዳት መዘጋጀት ነው።

ቅጹ አመልካቹ በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስ፣ በሚሊሻ ወይም በማረሚያ ቤት አገልግሎ እንደሆነም ይጠይቃል። በቀበሌ ሚሊሻነት ያገለገለ ሰው ይህን ሊጽፍ ይገባል። አገልግሎቱ በራሱ ማመልከቻውን ላያስከለክል ይችላል፤ መደበቁ ግን ያስከለክላል።

በማንኛውም አገር የታሰረ፣ የተከሰሰ ወይም ረጅም ጊዜ ከአገር ወጥቶ የቆየ ሰው ከማመልከቱ በፊት ፈቃድ ያለው የሕግ ባለሙያ ቢያማክር ይመከራል። ቅጽ በመሙላት ብቻ የሚተዳደሩ ደላሎች የሕግ ምክር የመስጠት ሥልጣን የላቸውም። ስሕተቱ ሲገኝ የሚጠየቀው ፊርማውን ያኖረው አመልካች ነው።

የእንግሊዝኛው ክፍል

እንግሊዝኛው በሦስት መንገድ ይለካል። የመጀመሪያው ንግግር ነው። ለዚህ የተለየ ፈተና የለም፤ ጠያቂው ባለሙያ በማመልከቻው ላይ የተሞላውን እያነሳ ሲጠይቅ አመልካቹ መረዳቱና መመለሱ ይመዘናል። ሁለተኛው ንባብ ነው፤ ከሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን በሚገባ ያነበበ ያልፋል። ሦስተኛው ጽሑፍ ነው፤ ባለሙያው ከሚያነብለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን በትክክል የጻፈ ያልፋል። ትርጉሙን የማያዛባ ጥቃቅን የፊደል ግድፈት አይጥልም። ለንባብና ለጽሑፍ የሚውሉት ቃላት ዝርዝርም በይፋ ታትሟል።

በተግባር ከሦስቱ የሚከብደው ንግግሩ ነው። ማመልከቻው በዕለት ተዕለት ኑሮ የማይሰሙ የሕግና የፖለቲካ ቃላት አሉበት። «አሸባሪ ድርጅትን ረድተህ ታውቃለህ?»፣ «ሰዎችን በሃይማኖታቸው ወይም በዘራቸው አሳደህ ታውቃለህ?» የሚሉ ዓይነት ጥያቄዎች ይነሳሉ። ባለሙያው «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ ሊጠይቅም ይችላል። ስለዚህ አመልካቹ ለእያንዳንዱ ከባድ ቃል በቀላል እንግሊዝኛ አንድ አጭር ትርጉም ይዞ መቅረብ ይጠቅመዋል።

የታሪክና የመንግሥት ጥያቄዎች

ይህ ክፍል በቃል ተጠይቆ በቃል የሚመለስ ነው፤ ምርጫ የሚቀርብበት አይደለም። የትኛው የጥያቄ ስብስብ እንደሚቀርብ የሚወሰነው ማመልከቻው በገባበት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 በፊት ያመለከቱ ሰዎች የ2008ቱን ፈተና ይወስዳሉ። እርሱም ከ100 ጥያቄዎች መካከል እስከ 10 የሚቀርቡበትና 6 በመመለስ የሚታለፍ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያመለከቱት የ2025ቱን ይወስዳሉ። እርሱ 128 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን እስከ 20 ቀርቦ 12 የመለሰ ያልፋል። አመልካቹ 12 እንደመለሰ ወይም 9 እንደሳተ ጥያቄው ይቆማል።

ጥያቄዎቹ የሚያነሷቸውን ዋና ዋና ነጥቦች ከኢትዮጵያ ጋር እያነጻጸሩ ማጥናት ትውስታን ያግዛል። አሜሪካም እንደ ኢትዮጵያ በሕገ መንግሥት የምትተዳደር ፌዴሬሽን ናት። ሕገ መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ1787 ተጽፎ 27 ጊዜ ማሻሻያ ተደርጎበታል፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ማሻሻያዎች የመብቶች ድንጋጌ ተብለው ይታወቃሉ። የመንግሥቱ ሥልጣን በሕግ አውጪ፣ በሕግ አስፈጻሚና በሕግ ተርጓሚ የተከፈለ ነው።

ልዩነቶቹን አለመለየት ግን ያሳስታል። በኢትዮጵያ መንግሥትን የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ነው። የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ለአምስት ዓመት ሲመረጡ የአሜሪካ ተወካዮች ለሁለት ዓመት ይመረጣሉ፤ ድምፅ ያላቸው ተወካዮች ቁጥርም 435 ነው። ሴኔቱ ከኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር አንድ አይደለም። ከ50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች እያንዳንዳቸው፣ ትልቅም ይሁኑ ትንሽ፣ ሁለት ሁለት ሴናተሮች ስለሚልኩ 100 አባላት አሉት፤ የሥራ ዘመናቸውም ስድስት ዓመት ነው። ሴኔቱ ሕግ ያወጣል። የኢትዮጵያ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ተቀዳሚ ሥራ ግን ሕገ መንግሥትን መተርጎም ነው። ይህ ተግባር በአሜሪካ የፍርድ ቤቶች ሲሆን የመጨረሻው ባለሥልጣን ዘጠኝ ዳኞች ያሉት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

ከታሪኩ ወገን የነጻነት አዋጁ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1776 መጽደቁ፣ ዋና ጸሐፊው ቶማስ ጄፈርሰን መሆኑ፣ አገሪቱ ከ13 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች መነሳቷ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን መሆኑ መያዝ ያለባቸው ናቸው። አብርሃም ሊንከን በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት አገሪቱን መምራቱና እ.ኤ.አ. በ1863 የባሪያ ነጻነት አዋጅ ማውጣቱ፣ የሴቶች የመምረጥ መብት እ.ኤ.አ. በ1920 በሕገ መንግሥት መረጋገጡ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ለዜጎች እኩልነት መታገሉም እንዲሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጠይቀው በዚያው መመለስ አለባቸው፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር እየቀየሩ መያዝ በፈተናው ሰዓት ያደናግራል።

የአንዳንድ ጥያቄዎች መልስ ከጊዜና ከቦታ ጋር ይለዋወጣል። የፕሬዚዳንቱና የምክትሉ፣ የአፈ ጉባኤው፣ የክፍለ ግዛቱ አገረ ገዥና ሴናተሮች ስም መጠናት ያለበት ቃለ መጠይቁ በሚደረግበት ሰሞን ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ የሆነ ተፈታኝ ስለ ሴናተሩ ቢጠየቅ ከተማዋ ሴናተር እንደሌላት መመለስ ይኖርበታል፤ ዲሲ ክፍለ ግዛት አይደለችምና። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ወይም አጠገቡ ሜሪላንድ የሚኖር ወንድሙ ግን ስም መጥራት አለበት።

ለአረጋውያን የተደረገ አስተያየት

የልጅ ልጅ ለመጠበቅ ወይም ከልጆቻቸው ጋር ለመኖር የሄዱ እናቶችና አባቶች በእንግሊዝኛው ምክንያት ተስፋ ሲቆርጡ ይታያሉ። ሕጉ ግን ለእነርሱ መንገድ አበጅቷል። ሲያመለክቱ ዕድሜያቸው 50 ሞልቶ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ዓመት የኖሩ ሰዎች ከእንግሊዝኛው ፈተና ነጻ ናቸው። የታሪክና የመንግሥት ጥያቄዎቹን በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ መመለስ ይችላሉ። ዕድሜያቸው 65 ሆኖ 20 ዓመት የኖሩ ደግሞ በአማርኛ ከመመለሳቸው በላይ የሚያጠኑት 20 ጥያቄዎችን ብቻ ነው፤ 10 ተጠይቀው 6 ከመለሱ ያልፋሉ።

ዓመታቱ የሚቆጠሩት ግሪን ካርድ ከተገኘበት ቀን ጀምሮ ነው። ለምሳሌ በ60 ዓመታቸው የሄዱ እናት ከእንግሊዝኛው ነጻ የሚሆኑት 75 ሲሞላቸው ነው። ከዚያ በፊት ማመልከት የሚሹ ከሆነ ቋንቋውን መማር አለባቸው። የአእምሮ ወይም የአካል ጉዳት ከመማር የሚያግዳቸው ሰዎች ኤን 648 በተባለ ቅጽ በሐኪም የተሞላ ማስረጃ አቅርበው ከፈተናው ነጻ እንዲሆኑ መጠየቅ ይችላሉ። ዕድሜ መግፋት ወይም አለመማር ብቻውን ግን ለዚህ ምክንያት አይሆንም።

እንዴት ይጠና?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በቀን አምስት ጥያቄ የሚያጠና ሰው 128ቱን በ26 ቀናት አንድ ዙር ይጨርሳል። ማመልከቻው ከገባ በኋላ እስከ ቃለ መጠይቁ ወራት ስለሚኖሩ ሁለትና ሦስት ዙር ለመድገም ጊዜ ይገኛል። ለአንድ ጥያቄ ብዙ መልሶች ተቀባይነት ካላቸው ለምላስ የሚቀለውን አንዱን መርጦ መያዝ ይበቃል።

ፈተናው በጆሮ የሚሰማና በአፍ የሚመለስ በመሆኑ በዓይን ብቻ ማንበብ አያዘጋጅም። የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ጥያቄዎቹን በድምፅ ቀርጾ በነጻ ያቀርባል። ታክሲ የሚያሽከረክር ወይም ሌሊት የሚሠራ ሰው በሥራው መሐል ሊያዳምጠው ይችላል። ንባብ ያልለመደ ሰው ልጆቹ ወይም ጓደኛው በየምሽቱ ጥቂት ጥያቄ እየጠየቁት በቃል መያዝ ይችላል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የጎልማሶች ትምህርት ቤቶችም ብዙ ጊዜ በነጻ ወይም በዝቅተኛ ክፍያ የዜግነት ትምህርት ይሰጣሉ።

በቃለ መጠይቁ ዕለት

አመልካቹ የቀጠሮ ደብዳቤውን፣ ግሪን ካርዱን፣ ያገለገሉና ያላገለገሉ ፓስፖርቶቹን፣ የክፍለ ግዛት መታወቂያውን፣ እንደየሁኔታው የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የግብርና የፍርድ ቤት ማስረጃዎችን ይዞ ይቀርባል። ቃለ መጠይቁ የሚጀምረው እውነቱን ለመናገር ቃል በመግባት ነው። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ በመሐላ ሥር የተሰጠ ቃል ነው።

ይሉኝታ እዚህ ቦታ ላይ ጎጂ ነው። ጥያቄውን ሳይረዱ ጠያቂውን ላለማስቀየም «አዎ» ማለት ያልሠሩትን ወንጀል ማመን ሊሆን ይችላል። ያልገባው ሰው እንዲደገምለት ወይም በሌላ ቃል እንዲነገረው መጠየቅ ይፈቀድለታል፤ ይህም ነጥብ አያስቀንስም። አንገት መነቅነቅ ወይም አየር ወደ ውስጥ ስቦ ማረጋገጥ በኛ ዘንድ የታወቀ መልስ ቢሆንም ለባለሙያው ላይገባው ይችላል፤ ቃሉን አውጥቶ መናገር ያስፈልጋል።

በአሉታ የሚቀርብ ጥያቄም ያደናግራል። «አልታሰርክም?» ተብሎ የተጠየቀ አማርኛ ተናጋሪ «አዎ» ሲል «ልክ ነው፣ አልታሰርኩም» ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ይኸው መልስ «ታስሬያለሁ» ተብሎ ሊወሰድ ይችላል። ከዚህ ለመዳን በአንድ ቃል ከመመለስ ይልቅ «ታስሬ አላውቅም» የሚለውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ መልመድ ይሻላል። ካመለከቱ በኋላ የተለወጠ አድራሻ፣ ሥራ፣ የተወለደ ልጅ ወይም የተደረገ ጉዞ ካለም በዕለቱ ማሳወቅ ይገባል።

ያልተሳካለት ሰው

በመጀመሪያው ቀን የወደቀ ሰው ዕድሉ አልተዘጋም። ከ60 እስከ 90 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይቀጠርና የወደቀበትን ክፍል ብቻ ይፈተናል። እንግሊዝኛውን አልፎ የታሪኩን የወደቀ፣ ታሪኩን ብቻ ይደግማል ማለት ነው። በሁለተኛውም ካልተሳካ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል። ውሳኔው ትክክል አይደለም ብሎ የሚያምን በ30 ቀናት ውስጥ ቅሬታው እንዲሰማለት መጠየቅ ይችላል። ያለበለዚያ ተዘጋጅቶ፣ እንደገና ከፍሎ ማመልከት ይችላል። በፈተናው መውደቅ ብቻውን ግሪን ካርድን አያሳጣም።

ቃለ መሐላውና የኢትዮጵያ ሕግ

ፈተናውን ማለፍ ዜጋ አያደርግም፤ ዜጋ የሚያደርገው ቃለ መሐላው ነው። በሥነ ሥርዓቱ ግሪን ካርዱ ተመላሽ ይሆናል፣ የዜግነት ምስክር ወረቀትም ይሰጣል። በምስክር ወረቀቱ ላይ ያለውን ስምና የልደት ቀን ከአዳራሹ ሳይወጡ ማየት በኋላ ከሚመጣ እንግልት ያድናል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ፣ ግሪን ካርድ ያለውና በአሜሪካ በዚሁ ወላጅ ሕጋዊ አሳዳጊነት አብሮ የሚኖር ልጅ ያለ ፈተና ዜግነት ያገኛል።

ቃለ መሐላው ለሌላ አገር ያለን ታማኝነት መተውን ይጨምራል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን አትፈቅድም። የአንዱ ዜግነቱን መተው ግን በአገር ቤት ያሉትን የትዳር ጓደኛውንና የልጆቹን ዜግነት አይነካም። ከዚያን ቀን በኋላ በኢትዮጵያ ፓስፖርት መጓዝ ሕጋዊ አይደለም። ወደ አገሩ ለመምጣት ቪዛ ወይም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ያስፈልገዋል። ይህ መታወቂያ ያለ ቪዛ ለመግባትና ለመኖር፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ለመሥራት፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ለመሠማራት ያስችላል። የመምረጥና የመመረጥ መብትን ግን አይሰጥም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠርንም አይፈቅድም። ዜግነቱን መልሶ ማግኘት የሚሻ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ መኖር፣ የያዘውን የውጭ ዜግነት መተውና ማመልከት ይጠበቅበታል።

አርሶ አደር ቤተሰቦች ከሁሉ በላይ ሊያስቡበት የሚገባው የመሬት ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታ ያለመነቀል መብት የሰጠው ለኢትዮጵያውያን አርሶ አደሮች ነው። በስሙ ወይም ከትዳር ጓደኛው ጋር በጋራ የይዞታ ደብተር ያለው፣ ወይም ከወላጆቹ መሬት እወርሳለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ከቃለ መሐላው በፊት ለወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጥያቄ ማቅረብና የክልሉ ሕግ የሚለውን በጽሑፍ መረዳት አለበት። ጥያቄውን በአገር ቤት ያለ ቤተሰብ ሊያቀርብለት ይችላል። በከተማ ቤት ያለው ሰውም ካርታው፣ የባንክ ደብተሩና የሰጠው ውክልና በየትኛው ስም እንደሆኑ ይይ። በዜግነቱ ሥነ ሥርዓት ስሙን ከቀየረ እነዚህ ሁሉ ከአዲሱ ፓስፖርቱ ጋር አይገጥሙምና።

እንግዲህ ለፈተናው መዘጋጀት በአሜሪካ ያለው አመልካች ብቻውን የሚወጣው ሥራ አይደለም። እርሱ ጥያቄዎቹን ያጠናል፣ እንግሊዝኛውን ይለማመዳል፣ ጉዞውን ይመጥናል፣ እውነቱን ይናገራል። ቤተሰቡ ደግሞ ትክክለኛ ቀንና ስም ያለበት ማስረጃ ይልካል፣ ለአደጋ የሚዳርገውን ዕቃ ከመላክ ይቆጠባል፣ የመሬቱንና የቤቱን ጉዳይ በጊዜ ይጠይቃል። የፈተናው ዓይነት፣ ክፍያውና መመሪያው በየጊዜው ስለሚለዋወጡ፣ ከማመልከት በፊት የመጨረሻውን መረጃ ከመሥሪያ ቤቱ ይፋዊ ገጽ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የአሜሪካ መንግሥት ገጾች አድራሻ «ዶት ጎቭ» በሚል እንደሚያበቃ ማወቅም ከአስመሳዮች ይጠብቃል።